ያገኙት አፈር ለምን ይሆናል? በደሴና በኮምቦልቻ አካባቢ የሸክላ አፈርን በቤት ውስጥ የመፈተሽ መመሪያ

«ይህ አፈር ለምጣድ ይሆናል?» ከማንኛውም ጥያቄ በላይ የሚደርሰኝ ይህ ነው። ጠያቂው አንድ ጊዜ ጢጣ ላይ የመጸዳጃ ጉድጓድ ሲያስቆፍር ቀይ አፈር ያገኘ ሰው ነው፤ ሌላ ጊዜ ከኮምቦልቻ ሜዳ ጥቁር ዋልካ በጆንያ ያስመጣች ሸክላ ሠሪ ናት፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ቤቱን በጭቃ ሊያስመርግ የተነሳ አባወራ ነው። አብዛኞቹ ፎቶግራፍ ይልካሉ። ከፎቶግራፍ ግን መልስ ልሰጥ አልችልም። ፎቶግራፍ የሚያሳየው ቀለም ነው፤ ቀለም ደግሞ ስለ ሸክላ የሚናገረው እጅግ ጥቂት ነው። ጥሬውን አፈር የሚያጠቁረው ብስባሽ እሳት ውስጥ ተቃጥሎ ይጠፋል፤ በውስጡ ያለው ብረት ደግሞ ይቀላል። ስለዚህ ጥቁሩም ቀዩም ከእሳት ሲወጡ መልካቸው ይቀራረባል፤ ጠባያቸው ግን ፍጹም የተለያየ ሊሆን ይችላል።

አንድ አፈር ለምን እንደሚሆን ለማወቅ ሦስት ነገር መመለስ አለበት፦ ምን ያህሉ ሸክላ ነው? ሸክላው ምን ዓይነት ነው? ምን ባዕድ ነገር ተቀላቅሎበታል? ሦስቱንም በቤት ውስጥ፣ በጥቂት ብር ወጪና በሁለት ሳምንት ትዕግሥት መመለስ ይቻላል።

ሥራ ከመጀመርዎ በፊት አንድ ነገር ይረዱ። በአካባቢያችን ያለው አለት በአብዛኛው ባዛልት ነው። ባዛልት ውሃ በደንብ በሚወርድበት ተዳፋት ላይ ሲፈራርስ ብዙውን ጊዜ ቀይ አፈር ይሆናል፤ በዚህ አፈር ውስጥ ካኦሊናይት የሚባለው ሸክላና የብረት ዝገት ያመዝናሉ። ውሃ በሚተኛበት ሜዳ ላይ ሲሆን ግን ስሜክታይት የሚባለው ሸክላ የበዛበት ጥቁር ዋልካ ይወጣዋል። የሸክላ ቅንጣት በመሶብ እንደተደራረበ እንጀራ ስስ ንብርብር ነው። የካኦሊናይት ንብርብሮች እርስ በርስ አጥብቀው ስለተያያዙ ውሃ በመካከላቸው አይገባም። የስሜክታይት ንብርብሮች ግን ውሃ ሲያገኙ ይከፈታሉ፣ አፈሩም ያብጣል፤ ሲደርቅ ደግሞ ተመልሶ ይኮማተራል። ከዚህ በታች ያለው ፍተሻ ሁሉ የሚያርፈው በዚህ ልዩነት ላይ ነው። ተዳፋት ሁሉ ቀይ፣ ሜዳ ሁሉ ዋልካ አለመሆኑን ግን ያስታውሱ፤ በተለይ በቦርከና ዳርቻ በአንድ ጉድጓድ ግድግዳ ላይ ሦስትና አራት ዓይነት ንብርብር ሊገኝ ይችላል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ዶማ፣ አካፋና ለእያንዳንዱ ናሙና አንድ ንጹሕ ከረጢት
- ለምግብ የማይውል ሙቀጫና ዘነዘና
- ደቃቅ የዱቄት ወንፊት (ከዚህ በኋላ ወደ ወጥ ቤት አይመለስም)
- ባለ 1 ሊትር ሃይላንድ፣ ጎኑ ለስላሳና ቀጥ ያለ ቢሆን ይመረጣል
- የልብስ ዱቄት ሳሙና፣ የገበታ ጨው፣ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ
- መርፌ የሌላቸው ሁለት ሲሪንጆች፦ አንዱ ባለ 50 ሚሊ ሊትር፣ ሌላው ባለ 10 ሚሊ ሊትር
- ማስመሪያ፣ ቢላዋ፣ ግራም የሚያነብ የወጥ ቤት ሚዛን
- የተሰበረ ምጣድ ወይም ጀበና ገል
- ኩበት፣ ጭድ፣ ጥቂት ፍልጥ፣ ጎኑ የተበሳሳ የቆርቆሮ ጣሳ
- የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ
- ደብተር

1. ናሙናውን በትክክል ይውሰዱ

የላይኛውን ከ30 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር አፈር ገፍፈው ይተዉት። ይህ ሥርና ብስባሽ የበዛበት የእርሻ አፈር ነው፤ ሥሩ ሲቃጠል በሸክላው ውስጥ ባዶ ቦታ ይተዋል። ከዚያ በታች ካለው፣ እርስ በርሳቸው ጥቂት እርምጃ ከሚራራቁ ሦስት ቦታዎች በድምሩ 5 ኪሎ ግራም ያህል ይውሰዱ። ንብርብሩ የተለያየ ከሆነ አይቀላቅሉት፤ ለእያንዳንዱ የራሱ ከረጢት ይኑረው። ከረጢቱ ላይ ቦታውን፣ ጥልቀቱንና ቀኑን ይጻፉ። ቀልሎ የሚታይ ነገር ነው፤ ነገር ግን «ያ ጥሩው አፈር ከየትኛው ጉድጓድ ነበር?» ብለው ከሁለት ሳምንት በኋላ እንዳይጨነቁ ያደርጋል።

ማስጠንቀቂያ፦ ሸክላ ለማውጣት ገደልን ከሥሩ አይቦርቡሩ። ሸክላ ቆፋሪዎች የሚሞቱት በዚህ ነው። ጥሩው አፈር ወደ ውስጥ ሲገባ ተከትሎት መግባት ይመጣል፤ ከላይ ያለው ክምር ደግሞ ሳያስጠነቅቅ ይናዳል። ከቁመትዎ በላይ ጥልቅ የሆነ ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ብቻዎን አይግቡ። በክረምት፣ በተለይ በሐምሌና በነሐሴ፣ በደሴ ተዳፋቶችና በሐረጎ ቁልቁለት ላይ አይቆፍሩ፤ ውሃ የጠጣ ሸክላ የሚንሸራተት አፈር ነው። ከወንዝ ዳርቻ የሚወስዱ ከሆነ ከከተማና ከፋብሪካ ፍሳሽ መግቢያ በላይ ካለው ቦታ ይሁን፤ ምግብ የሚሠራበት ዕቃ በቆሻሻ ከተበከለ አፈር አይሠራም። የባለ ይዞታውን ፈቃድ አስቀድመው ይጠይቁ፤ ለሽያጭ የሚያወጡ ከሆነ ደግሞ የወረዳውን ማዕድን ጽሕፈት ቤት።

2. ያድርቁ፣ ይልቀሙ፣ ይውቀጡ፣ ይንፉ

አፈሩን በፀሐይ አስጥተው ፈጽሞ እስኪደርቅ ይጠብቁ። ብዙ ሰው እርጥቡን አፈር በቀጥታ ውሃ ውስጥ ይነክርና ለሳምንት ሳይሟሟ ጓል እንደሆነ ይቀርበታል። በደንብ የደረቀ ሸክላ ግን ውሃ በየቀዳዳው ሲገባበት አየሩን እያስወጣ በደቂቃዎች ውስጥ ይፈርሳል። ከደረቀ በኋላ ድንጋዩን፣ ሥሩንና ነጫጭ እንክብሎችን ይልቀሙ። ነጫጮቹን አይጣሉ፤ ለሚቀጥለው ደረጃ ይፈለጋሉ። የቀረውን ወቅጠው በወንፊት ይንፉ።

የሸክላ አቧራ በቀላሉ የማይታይ ደቃቅ ድንጋይ ይዟል፤ ሳንባ ውስጥ ከገባ አይወጣም። አፍንጫዎን ሸፍነው፣ ደጅ ላይ፣ ነፋሱን ጀርባ ሰጥተው ይሥሩ። ልጆች አጠገብዎ አይሁኑ። የተበተነውን በመጥረጊያ አያቡንኑት፤ በእርጥብ ጨርቅ ይሰብስቡት።

3. የሎሚ ፍተሻ

አንድ ማንኪያ ደረቅ ዱቄትና የለቀሟቸውን ነጫጭ እንክብሎች ሳህን ላይ ያድርጉ። ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ያንጠባጥቡባቸውና ጆሮዎን አቅርበው ያዳምጡ። ከተንሸሸ፣ አረፋ ካወጣ፣ በውስጡ ኖራ አለ ማለት ነው።

ይህን ፍተሻ ብዙ ሰው ይንቀዋል፤ እኔ ግን በጣም የምጨነቅለት ነው። ኖራ ያለበት ዕቃ ከእሳት ሲወጣ ያማረ ይሆናል። ችግሩ የሚመጣው ከቀናት በኋላ ነው። በእሳት የተቃጠለው የኖራ እንክብል ከአየሩ እርጥበት እየሳበ ያብጣል፤ አብጦም የዕቃውን ፊት ገፍቶ ይፈነቅለዋል። ሸክላ ሠሪዋ ዕቃውን ሰኞ ገበያ ላይ ሸጣ፣ ገዢዋ በሳምንቱ ፊቱ የተፈነቀለ ምጣድ ይዛ ትመለሳለች። ጥቁር አፈር በተለይ እንዲህ ዓይነት እንክብል ይበዛበታል።

እንክብሎቹ ብቻ ከተንሸሹና ዱቄቱ ዝም ካለ፣ በደቃቅ ወንፊት መንፋት ይበቃል። ዱቄቱም የሚንሸሽ ከሆነ አፈሩን ለእሳት ዕቃ አይጠቀሙበት። ለግድግዳ ምርጊት ግን ይሆናል፤ ምርጊት እሳት አያይምና።

4. የእጅ ፍተሻዎች

ሁለት እፍኝ የተነፋ አፈር በትንሽ በትንሹ ውሃ እየጨመሩ እጅ ላይ የማይጣበቅ ሊጥ እስኪሆን ያሹ። ሸፍነው አንድ ሌሊት ያሳድሩት፤ ውሃው ወደ እያንዳንዱ ቅንጣት ለመድረስ ጊዜ ይፈልጋል። ከዚያ፦

ሀ) ውፍረቱ 3 ሴንቲ ሜትር የሆነ ድብልብል ይሥሩ። ጠረጴዛ ጫፍ ላይ አስተኝተው ቀስ እያሉ ወደ ውጭ ይግፉት። በራሱ ክብደት ተቆርጦ ሲወድቅ የወደቀውን ይለኩ። ከ5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ አሸዋ ይበዛበታል፤ ከ5 እስከ 15 ከሆነ ለግድግዳ ጭቃና ለፀሐይ ጡብ ተስማሚ ነው፤ ከ15 በላይ ከሆነ ሸክላው ብዙ ነው። አምስት ጊዜ ደጋግመው አማካዩን ይያዙ።

ለ) እርሳስ የሚያህል ቀጭን ድብልብል በጣትዎ ላይ ይጠምጥሙ። ሳይሰነጠቅ ከዞረ ለዕቃ ሥራ በቂ መለጠጥ አለው። ጥቃቅን ስንጥቅ ካሳየ አንድ ሳምንት ሸፍነው ያቆዩትና ይድገሙት፤ ቆይቶ የበሰለ ጭቃ ይሻሻላል። ብትን ካለ ለጀበና አንገት አይታሰብም።

ሐ) አንዱን ጓል በቢላዋ ይቁረጡ። የተቆረጠው ፊት ካብረቀረቀ ሸክላው ያመዝናል፤ ከደበዘዘ ደለሉ፣ ማለትም ከአሸዋ የደቀቀው ከሸክላ ግን የሚተልቀው ቅንጣት፣ ያመዝናል። ደለል እጅ ላይ ሸክላ ይመስላል፤ ሰውን የሚያሳስተውም እሱ ነው። ልስላሴ አለው፣ መያያዝ ግን የለውም።

5. የጠርሙስ ፍተሻ፦ ስንት እጅ ሸክላ?

የጠርሙሱን ሲሶ በተነፋ አፈር ይሙሉ። አንድ የሻይ ማንኪያ ዱቄት ሳሙና ጨምረው እስከ አንገቱ ውሃ ይሙሉበት፤ አንድ ሌሊት ያሳድሩት። ሳሙናው እርስ በርስ የተጣበቁትን የሸክላ ቅንጣቶች ይበትናል። ያለ ሳሙና ቅንጣቶቹ ተያይዘው እንደ አሸዋ ቶሎ ስለሚወርዱ ሸክላው ያነሰ ይመስላል።

ጠዋት ላይ አምስት ደቂቃ ሙሉ በኃይል ይናጡት፤ ከዚያ በማይነቃነቅ ቦታ ያስቀምጡት። ከአንድ ደቂቃ በኋላ የረጋውን ከፍታ ምልክት ያድርጉበት፤ አሸዋ ነው። ከሁለት ሰዓት በኋላ እንደገና ምልክት ያድርጉ፤ የጨመረው ደለል ነው። የቀረው ሸክላ ነው፤ ለመውረድ አንድ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ከሁለት ቀን በኋላም ውሃው ካልጠራ ቁንጥር ጨው ይጨምሩበት። ጨው ከሳሙናው ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ቅንጣቶቹን አሰባስቦ ያወርዳል። ጨውን መጀመሪያ ላይ ከጨመሩት ግን ፍተሻው ተበላሸ ማለት ነው።

ምሳሌ፦ ጠቅላላው የረጋ ከፍታ 9 ሴንቲ ሜትር፣ አሸዋው 2፣ ደለሉ 3፣ ሸክላው 4 ቢሆን፣ አሸዋ 22፣ ደለል 33፣ ሸክላ 44 በመቶ ያህል ነው። አዲስ የወረደ ሸክላ ውሃ አቁሮ ስለሚያብጥ ቁጥሩ ከእውነቱ ከፍ ማለቱ አይቀርም። ይህ ግምት ነው፤ ሁለት አፈሮችን ለማወዳደር ግን አስተማማኝ ነው።

6. የማበጥ ፍተሻ፦ ሸክላው ምን ዓይነት ነው?

የትልቁን ሲሪንጅ መግፊያ አውጥተው ቀጭን ጫፉን በእሳት አቅልጠው ይድፈኑ። አሸዋ በሞላ ስኒ ውስጥ ጫፉን ወደ ታች አድርገው ያቁሙት፤ እስከ 40 ሚሊ ሊትር ውሃ ይጨምሩበት። በትንሹ ሲሪንጅ ፈጽሞ የደረቀና በደንብ የተነፋ 10 ሚሊ ሊትር ዱቄት ይስፈሩ፤ ሳይጠቀጥቁት። በጣም በቀስታ፣ ቁንጥር በቁንጥር ውሃው ላይ ይበትኑት። አንድ ጊዜ ከገለበጡት ውስጡ ደረቅ የሆነ ጓል ይሆንና ያስትዎታል። ከ24 ሰዓት በኋላ የረጋውን መጠን በሲሪንጁ መስመር ላይ ያንብቡ።

- ከ15 በታች ከሆነ ብዙም አያብጥም፤ ካኦሊናይቱ ወይም አሸዋው ያመዝናል።
- ከ15 እስከ 20 ከሆነ መካከለኛ ነው፤ ካልተደባለቀ በቀር ይሰነጠቃል።
- ከ20 በላይ ከሆነ አባጭ ነው፤ ስሜክታይት በዝቶበታል።

የመጨረሻው ውጤት ለሸክላ ሠሪ ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። ቤት ሊሠሩበት ያሰቡት ቦታ አፈር እንዲህ ካበጠ መሠረት ከመጣልዎ በፊት መሐንዲስ ያማክሩ። በየዓመቱ በክረምት ቀና፣ በበጋ ዝቅ የሚል አፈር ግድግዳውን ከማዕዘኑ ጀምሮ ይተረትረዋል።

7. የመኮማተር ፍተሻ

ከሁሉም ፍተሻ አንድ ብቻ ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ። በደንብ ከታሸ ጭቃ ርዝመቱ 14፣ ስፋቱ 4፣ ውፍረቱ 1 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሦስት ሰሌዳ ይሥሩ። በእያንዳንዱ ላይ በቢላዋ ጫፍ ልክ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ መስመር ይጫሩ። መስመሩ 10 ስለሆነ፣ የቀነሰው እያንዳንዱ ሚሊ ሜትር 1 በመቶ ነው፤ ሌላ ስሌት አያሻም።

በጥላ ያድርቁ፤ በቀን ሁለት ጊዜ ያገላብጧቸው። ፀሐይ ላይ ቢያሰጧቸው ፊታቸው ከውስጣቸው ቀድሞ ይደርቅና ይጣመማሉ፤ አፈሩ ሳያጠፋ አፈሩን ይኮንኑታል። ኮምቦልቻ ላይ አምስት ቀን ያህል ይበቃኛል፤ ደሴ ላይ ብርዱና ጉሙ ስላለ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን እሰጠዋለሁ። ሰሌዳው ጉንጭ ላይ ሲያስጠጉት ካልቀዘቀዘ ደርቋል።

ከ4 እስከ 8 በመቶ ከቀነሰ ለዕቃ ሥራ መልካም ነው። ከ8 እስከ 10 ከሆነ ማቅጠኛ፣ ማለትም እንደ ገል ወይም አሸዋ ያለ የማይኮማተር ነገር፣ ይፈልጋል። ከ10 በላይ ከሆነ ለብቻው ምንም ዕቃ አይሠሩበት። በዚሁ አጋጣሚ የሰሌዳውን ጠርዝ ይመልከቱ። ሲደርቅ ነጭ ብናኝ ካወጣ ጨው አለበት፤ ጨው የዕቃውን ፊት ስለሚልጠው ሌላ አፈር ይፈልጉ።

8. አፈሩን ማረም

የሚኮማተረው ሸክላው ነው፤ አሸዋና ገል አይኮማተሩም። ስለዚህ የማይኮማተር ነገር ሲጨመር ስንጥቁ ይቀንሳል፤ በእሳትም ጊዜ እንፋሎት መውጫ መንገድ ያገኛል።

የተሰበረ ሸክላ ገል ወቅጠው እንደ ስኳር ቅንጣት ያድርጉት። ለምጣድና ለድስት ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነው፤ አስቀድሞ እሳት የለመደ በመሆኑ ከአዲሱ ሸክላ ጋር እኩል ይሰፋል፣ እኩል ይቀንሳል። የወንዝ አሸዋም ይሆናል፤ ታጥቦ፣ ተነፍቶ፣ በሎሚ ተፈትሾ።

አንድ ድብልቅ ገምተው አይሥሩ፤ አምስት ሰሌዳ ይሥሩ። በስኒ እየሰፈሩ ከአሥር ስኒ ውስጥ የገሉን ድርሻ 0፣ 1፣ 2፣ 3፣ 4 ያድርጉ፤ ቁጥሩን በእርጥቡ ሰሌዳ ላይ ይጫሩበት። ከኮምቦልቻ ሜዳ ያመጣሁት አንድ ዋልካ ለብቻው 13 በመቶ ኮማተረ፤ ሦስት ስኒ ገል ሲጨመርበት ወደ 7 ወረደ። አራት ስኒ ገል የገባበት ሰሌዳ መኮማተሩ ከዚያም አነሰ፤ ጣት ላይ ሲጠመጠም ግን ተበታተነ። መሥመሩ እዚያ ነው፦ ስንጥቁ የሚቆምበትና መለጠጡ ገና ያልጠፋበት ቦታ። ቀይ አፈር ካለዎት ዋልካውን ከእሱ ጋር ማደባለቅም ይሠራል፤ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል።

9. በእሳት መፈተሽ

የደረቁትን ሰሌዳዎች መጀመሪያ ሌሊቱን ሙሉ በሞቀ ምድጃ ዳር ያሳድሩ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ ኮምቦልቻ ላይ 94 ገደማ። ይህን ሙቀት በዝግታ ካላለፉት በውስጡ የቀረው ውሃ እንፋሎት ሆኖ ሰሌዳውን ያፈነዳዋል። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ሰሌዳዎቼን ያጣሁት እንዲህ ነው፤ የሁለት ሳምንት ሥራ በሩብ ሰዓት ተሰባብሮ አለቀ። ደርቋል ብለው ካመኑ በኋላ አንድ ቀን ይጨምሩበት።

ሰሌዳዎቹን በተበሳሳው ጣሳ ውስጥ በጭድ ለይተው ያስቀምጡ። በዙሪያው ጥቂት ፍልጥ ለኩሰው ለአንድ ሰዓት ከሩቅ ያሙቁት። ከዚያ በኩበት ፈጽሞ ይሸፍኑት፤ ላዩን ጭድ ይጨምሩበት። ኩበት የሚመረጠው በዝግታና በእኩል ስለሚነድ ነው። ማምሸት ሲጀምር ያቀጣጥሉ፤ ምክንያቱም ሙቀቱን የሚያነቡት በቀለም ነው። ሸክላው ደብዛዛ ቀይ ሆኖ በጨለማ መታየት ሲጀምር ከ500 ዲግሪ አልፏል። ከ450 እስከ 600 ባለው ውስጥ ከሸክላው ጋር የተዋሐደው ውሃ ይለቃል፤ ከዚህ በኋላ ሸክላው ወደ ጭቃነት አይመለስም። ደማቅ ቀይ እስኪሆን፣ ወደ 750 ወይም 800፣ ያድርሱት። በራሱ ይክሰም፤ እስከ ጠዋት አይንኩት። ትኩስ ሸክላ ብርድ ነፋስ ሲነካው ይሰነጠቃል።

እሳቱን ከሣር ክዳንና ከአጥር ርቀው ያድርጉ፤ ውሃና አፈር አጠገብዎ ይኑር። የላስቲክ ቁራጭ ወይም ጎማ ለማቀጣጠያ አይጠቀሙ፤ ጭሱ መርዝ ነው።

10. የተቃጠለውን መመርመር

ሰሌዳውን በጣት ያንኳኩት። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው፤ ድምፁ ከታፈነ ወይ ተሰንጥቋል ወይ አልበሰለም። መስመሩን ዳግመኛ ይለኩ። አንዱን ሰብረው ውስጡን ይዩ፤ መሐሉ ጥቁር ከሆነ ብስባሹ ተቃጥሎ አላለቀም፤ በሚቀጥለው ጊዜ ማሞቂያውን ያርዝሙ።

ከዚያ ደረቁን መዝነው 24 ሰዓት ውሃ ውስጥ ይንከሩት፤ አውጥተው ፊቱን ጠርገው እንደገና ይመዝኑ። ደረቁ 180 ግራም፣ የጠጣው 207 ግራም ቢሆን፣ 27ን ለ180 አካፍለው በ100 ሲያባዙ 15 በመቶ ይመጣል። በኩበት ለተቃጠለ ሸክላ ከ10 እስከ 20 የተለመደ ነው። ውሃ ውስጥ ከለሰለሰ ወይም ጠርዙ ከፈረሰ ግን እሳቱ አልደረሰበትም፤ ሸክላውን ሳይኮንኑ እንደገና ያቃጥሉ።

ውጤቱን ከሥራው ጋር ማገናኘት

ምጣድና ድስት፦ መኮማተሩ ከ5 እስከ 8፣ ኖራ የሌለው፣ ደንበኛ ገል የተጨመረበት። ሸካራው ገል እዚህ ጥቅሙ ሌላ ነው፤ በእሳትና በቀዝቃዛ ሊጥ መካከል የሚፈጠረው ስንጥቅ ገሉ ጋ ሲደርስ ይቆማል። ለናሙና ሰሌዳውን ፍም ላይ አሙቀው ውሃ ይርጩበት፤ አምስት ጊዜ ከቻለ ወደ ትልቁ ሥራ ይግቡ።

ጀበና፦ ጭቃው በቀጭን ነጠላ የተጠለለ፣ ጣት ላይ ሳይሰነጠቅ የሚጠመጠም። ገሉ እንደ ዱቄት ይላም።

እንስራና ገንቦ፦ 15 በመቶና ከዚያ በላይ ውሃ የሚጠጣ ሸክላ እዚህ ጉድለት አይደለም። በግድግዳው የሚወዛው ውሃ ሲተን ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ ውስጡን ያቀዘቅዛል።

የግድግዳ ጭቃና የፀሐይ ጡብ፦ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ከ5 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር የተቆረጠው። ከጤፍ ጭድ ጋር ረግጠው ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ ውሃ እያጠጡ፣ ያብስሉት። ጭዱ ስንጥቁን በብዙ ጥቃቅን ቦታ ይከፋፍለዋል። ከመምረግዎ በፊት አንድ ክንድ በአንድ ክንድ በሚያህል የግድግዳ ክፍል ላይ ሞክረው ሳምንት ይጠብቁ።

የውሃ ማቆሪያ ጉድጓድ ወለል፦ ዋልካ ተፈላጊ የሚሆንበት ቦታ ይህ ነው። ሲያብጥ ቀዳዳውን ይደፍናል። በእርጥቡ፣ ስስ ስስ እያደረጉ፣ እየደለደሉ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ያድርሱት። አንድ ጊዜ ከደረቀ ይሰነጠቃልና ባዶውን በበጋ አይተዉት።

መብላትና ቁስል ላይ ማድረግ፦ አይደረግም። ነፍሰ ጡር እናቶች አፈር ሲያምራቸው ይህ ሸክላ ንጹሕ ነው ወይ ብለው ይጠይቁኛል። የጥገኛ ትላትል እንቁላልና እርሳስን የመሰለ ብረት በእነዚህ ፍተሻዎች አይታይም፤ አምሮቱ የደም ማነስ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ክፍት ቁስል ላይ የሚደረግ አፈር ደግሞ መንጋጋ ቆልፍን ሊያመጣ ይችላል።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

- ናሙናን ከላይኛው አፈር መውሰድ። ሲቃጠል ይቦረቦራል፤ ቀለሙም ያታልላል።
- ለስንጥቅ መድኃኒት ነው ብሎ ውሃ መጨመር። የበለጠ ውሃ የገባበት ጭቃ ሲደርቅ የበለጠ ይኮማተራል። መፍትሔው ገልና ዝግታ ነው።
- ዱቄት ሳሙናና ጨውን አንድ ላይ ጠርሙሱ ውስጥ መጨመር።
- አንድ ሰሌዳ ብቻ ሠርቶ መፍረድ። ሦስቱ ከተለያዩ ያጠፋው እጅ ነው፤ ጭቃው በእኩል አልታሸም።
- ከአንድ ጉድጓድ የተገኘን ውጤት ለጎረቤት ጉድጓድ መጠቀም። አዲስ ጉድጓድ በጀመሩ ቁጥር ቢያንስ ሎሚውንና መኮማተሩን ይድገሙ።

ለትልቅ ሥራ፣ ለምሳሌ ለጡብ ምርት ወይም ለፎቅ መሠረት፣ እነዚህ ፍተሻዎች አይበቁም። የማዕድኑን ዓይነት በእርግጠኝነት የሚለየው በኤክስሬይ የሚሠራ የቤተ ሙከራ ምርመራ ነው፤ ለግንባታ ደግሞ የአፈር ቤተ ሙከራ ውጤት ያስፈልጋል። ናሙናውን ሲወስዱ ደብተርዎንም ይያዙ፤ የቱን ጉድጓድ ማስመርመር እንደሚገባ አስቀድመው ስለለዩ ወጪው ይቀንስልዎታል።

እኔን ለመጠየቅ ከፈለጉም ከፎቶግራፉ ይልቅ እነዚህን ይላኩልኝ፦ ሎሚው ተንሸሸ ወይስ ዝም አለ፤ ድብልብሉ በስንት ሴንቲ ሜትር ተቆረጠ፤ በጠርሙሱ አሸዋው፣ ደለሉና ሸክላው ስንት ስንት ሆኑ፤ 10 ሚሊ ሊትሩ ዱቄት አብጦ ስንት ደረሰ፤ 10 ሴንቲ ሜትሩ መስመር ሲደርቅ ስንት ቀረ።